ቅሏ ጭራዋን የቆላችበት ክረምት

ሰኔ 21

የድሮው ደብተሬ ጣሪያው ያፈሰሰ ለት ውሃ ጠጥቶ ተበላሸብኝ። ስለዚህ ይሄን አዲሱን እንደማያውቀኝ እንግዳ ቁጭ አድርጌ ከሀ ጀምሬ ላስረዳው።

ባሌ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ፓምፕ ደግሞ ሲበላሽ ሁሌም ደህና መንገድ በሌለበት ቦታ ነው የሚበላሸው። እሱ በሞተር ብስክሌት ቀድሞ ይሄዳል፤ መንገዱን ያያል፤ ይሄ ያስኬዳል ይሄ አያስኬድም ብሎ ይነግረኛል። እኔ ከኋላው ፒክአፑን እየነዳሁ ቤታችንን እጎትታለሁ። ቤታችን ማለት ቅሏ ናት። ከኮምፔንሳቶና ከስስ ላሜራ የተሠራች፣ አንድ ክፍል ብቻ ያላት ተጎታች ናት። በጣም ከመቅለሏ የተነሳ ነው ቅል ያልናት። ነጂዋም፣ ጠጋኟም፣ ሐኪሟም እኔው ነኝ። ዛሬ እንኳ ቀኑን ሙሉ ከሥሯ ተጋድሜ ነው የዋልኩት፤ የጎማዎቿን ኩሽኔታ አውጥቼ አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁላቸው፣ የባሌስትራዎቿን ቡሎኖች አጠበቅኩ። ፀጉሬ ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

ሦስተኛዋ ነዋሪ ልጃችን ናት። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ወላቃ ነው የምላት፤ በስሟ ስጠራት የተቆጣኋት ይመስላታል። ትምህርት ቤት መግባት የነበረባት አምና ነው። ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ፊደል አስቆጥሬያታለሁ፣ ማንበብ ጀምራለች፣ ታዲያ ምን ጎደለባት?

ጎደለባት የሚሉት እትዬ ናቸው፤ የባሌ ታላቅ እህት። ከተማ ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ፤ ከቤታቸው ጎን ትምህርት ቤት አለ። ትናንት ደውለው ከወንድማቸው ጋር ሲመክሩ ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ልጅቷ ዕቃ ናት እንዴ በየጭቃው የምትጎተተው፣ አሉ። ደሜ ፈላ። 

ማታ ባሌ መፍትሔ ያለውን አመጣ። ልጅቷ ክረምቱን ሳትታመም፣ ሳትከሳ፣ ሳትጎዳ ከጨረሰች ከኛ ጋር ትቆያለች። ካልሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምዝገባው ሳይዘጋ እትዬ ጋ ትሄዳለች። ተስማማሽ ወይ አለኝ። ተስማማሁ አልኩት። ምን ልበል?


ሰኔ 24

ጉዞ። ጭቃ። ኮረኮንቹ እንዳያንገላታት የቅሏን ጎማዎች ንፋስ ቀነስኩ። ማታ ሳየው ሦስት የጎማ ዳዶ ላልቷል። አጠበቅኩ።

ወላቃ ጋቢና ውስጥ አስመለሳት። ከዚያ እንደገና። ልብሷን አጠብኩ፣ ምንጣፉን አጠብኩ፣ መስኮት ከፍቼ ነዳሁ። አባቷ ምንጣፉ ለምን ረጠበ ሲለኝ ጭቃ ገብቶበት ነው አልኩት።


ሰኔ 28

ዛሬም አስመለሳት። ጠዋት የበላችውን በሙሉ። የጋቢናው የነዳጅ ሽታ ነው የሚጥላት፤ መንገዱም ያላትማታል። ቁልቁል ቁልቁል እያየች ከንፈሯን ነክሳ ስትታገል አንጀቴን በላችው። ለእኔ ብላ እኮ ነው የምትታገለው። ካስመለሰኝ እትዬ ጋ እሄዳለሁ አይደል ብላ ጠይቃኛለች። ማን ነገራት? ስናወራ ሰምታ ነው።

ማታ አባቷ አገጯን ቀና አድርጎ አያትና አንገቷ ቀጠነ አለ። እያደገች ስለሆነ ነው አልኩ። ልጅ ሲረዝም ይቀጥናል አልኩ። ብዙ አወራሁ፤ ከሚገባው በላይ።


ሐምሌ 2፣ ማታ

ሕግ አፈረስኩ። ያውም የራሴን።

ቅሏ ላይ ሁለት ሕግ አለ፤ ሁለቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንደኛው፣ ስትጎተት ውስጧ ሰው አይገባም። ባሌ ራሱ አንድ ቀን እንቅልፍ ሲያንገላጀው እዚያ ጋደም ልበል ቢል፣ አስከሬን አልጎትትም ብዬ አስወርጄዋለሁ። ሁለተኛው፣ ከባድ ዕቃ ሁሉ ከጎማው ፊት ነው የሚቀመጠው። ኋላዋ ከከበደ አፍንጫዋ ይቀላል፤ ከመኪናው ጋር የሚያያይዛት ጋንቾ ላይ በደንብ አትቀመጥም፤ ያን ጊዜ ጭራዋን መቁላት ትጀምራለች፣ መኪናውንም ይዛው ትሄዳለች።

ዛሬ ወላቃ ገና ከመነሳታችን ጋቢናውን ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። አልጋዬ ላይ ብተኛስ አለችኝ። አባቷ በሞተሩ ቀድሞ ሄዷል። ያን ቀጠነ ያለውን አንገት እኔም አየሁት። እሺ አልኳት፤ እስከ ድልድዩ ብቻ።

መንቀጥቀጡ የሚያንሰው መሀል ወለሉ ላይ ስለሆነ ፍራሿን እዚያ አነጠፍኩላት። እዚያ የነበሩትን የውሃ ጀሪካኖች ወደ ኋላ ገፋኋቸው። ለአባትሽ አትነግሪም፣ ይሄ የኔና ያንቺ ብቻ ነው አልኳት። ደስ አላት፤ ምስጢር ትወዳለች።

እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳሁ። ድልድዩ ጋ ቆሜ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል፤ ለሃጯ ትራሱ ላይ ተዝረክርኳል። ማን አንጀቱ ችሎ ይቀሰቅሳታል? መንደሩ ሊታይ ሲል ብቻ ዳር አውጥቼ አቆምኩና አቅፌ ወደ ጋቢና አዛወርኳት። አባቷ ሲቀበለን ዓይኗ ወለል ብሏል፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ራበኝ ትላለች። ዛሬ ደህና መጣች አለ። አዎ ደህና መጣች አልኩ።

ለዛሬ ብቻ ነው።


ሐምሌ 5

ወላቃ መንገዱን በሙሉ ተኝታ መጣች። አላስመለሳትም።


ሐምሌ 9

ዝናቡ አላንቀሳቅስ አለን። ጣሪያው በአምፖሉ በኩል ያፈሳል፤ ሲሊኮን ቀባሁት፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል።

ወላቃ የቡሎንና የዳዶ ቆርቆሮዬን ወለሉ ላይ ዘርግፋ ሁለት ሁለት አድርጋ ደረደረቻቸው። ተነሱ ትላለች። ተቀመጡ ትላለች። አንዱን የዛገ ዳዶ ዛሬም አርፍደህ መጣህ ብላ ጥግ አቆመችው። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አባቷ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቆሞ አያት። እሱ አልሳቀም። አየህ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት አላት አልኩት። አየሁ አለ። 

አንዳንዴ ይሄ ሰውዬ ለምን እንደማይስቅ አይገባኝም።


ሐምሌ 13

ቅሏ ጭራዋን ትቆላለች።

ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ትንሽ ፈጠን ስል ከኋላ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ማለት ጀመረች። መሪውን ከእጄ ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራትም። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሳላት ተወች። ላብ በላብ ሆንኩ። አቁሜ ጎማዎቹን አየሁ፤ ደህና ናቸው። ኩሽኔታዎቹ ላይ እጄን አሳረፍኩ፤ አልጋሉም። ባሌስትራው ላይ ስንጥቅ ፈለግኩ፤ የለም። ጋንቾው ነው የላላው መሰለኝ።

ወላቃ ግን መወዛወዙን ወዳዋለች። ቅሏ እሽሩሩ አለችኝ ትላለች።


ሐምሌ 16

ገበያው ዳር አንድ በያጅ አገኘሁ። ወሬኛ ነው። ጋንቾውን ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቆ ይሄማ ደህና ነው፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ አለኝ። ምን ምን ጭነሻል፣ ውስጡን ልየው ሲል በሩን ቆለፍኩበት። የሰው መኝታ ቤት እኮ ነው። ፍራሹ ወለል ላይ ነው፤ የማንም ዓይን ለምን ይገባበታል?

ጋንቾውን በግድ አስበየድኩት። ሳቀብኝ።

ማታ ባሌ ቅሏ ምን ሆና ነው አለኝ። ትንሽ ትወዛወዛለች፣ መንገዱ ነው አልኩት። እሱም መንገዱ ክፉ ነው፣ ዘንድሮ ዝናቡ በልቶታል አለ። መንገዱ ላይ ሁሉን ማላከክ ይቻላል። መንገድ አይከራከርም።


ሐምሌ 20፣ ማታ

ሁለቱም ተኝተዋል። ዝናቡ ላሜራው ላይ ሲወርድ እንኳን የሰው ድምፅ የራስን ሐሳብም አያሰማም፤ ቢሆንም ልጻፍ።

ወላቃን ለምን እንደማልለቃት ለሰው የምናገረው ሌላ ነው። ከተማው መኪና ይበዛበታል እላለሁ። እትዬ ያሞላቅቋታል እላለሁ። ገና ሕፃን ናት እላለሁ። ሁሉም ሰበብ ነው። እሷ ከሄደች ከነጋ እስኪመሽ ቃል የምለዋወጠው ፍጥረት የለኝም። እውነቱ ይሄው ነው። አባቷ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ማታ በጭቃ ተለውሶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ፓምፑ አንድ ሁለት ነገር ይላል፣ ግድግዳው በኩል ዞሮ ይተኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ድሮ ዝምታውን ነበር የወደድኩለት። አይ እኔ።

ወላቃ ግን ትለፈልፋለች። ደመና ይደክመዋል ወይ? ጎማው ሲዞር አይዞረውም ወይ? አንቺ ትንሽ ሳለሽ እኔ የት ነበርኩ? ከዚህች ልጅ ጋር ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላውቀውም ነበር።

ነበር ያልኩት አሁን አሁን ከኋላ ተኝታ ስለምትመጣ ነው። እኔ ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እሷን ላላጣ ብዬ እሷን ከኋላ አድርጌ ብቻዬን እየነዳሁ መዋሌ ምን ይባላል? ሆድ ባሰኝ። መብራቱን ላጥፋ።


ሐምሌ 25

አባቷ ፓምፑን ሲፈታ፣ ውሃ ልትቀዳ የመጣች አንዲት ልጅ ከወላቃ ጋር ስትጫወት ዋለች። የምትማር ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ነው። አንድ ወንበር ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል? ጠመኔ ይበላል? እጅ ሳያወጡ ቢናገሩ ምን ይሆናል?

ይገረፋሉ አልኳት። ለምን እንዳልኳት እንጃ፤ አፌን በቆረጠው። "እኔ አወጣለሁ" አለች።


ነሐሴ 1

ነገሩ ወደኔ እያጋደለ ነው። ማታ አባቷ ጉንጯን ቆንጥጦ ሞላች እኮ፣ ክረምቱ ተስማማት አለ። እትዬ በደወሉ ጊዜም ልጅቷ ደህና ናት፣ እናቷ ጥሩ አድርጋ ይዛታለች አላቸው። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ጀርባዬን እንደሰጠሁ ቀረሁ፤ ፊቴን እንዳያየው።

ቅሏ ግን ዛሬም ቆላች፤ ቁልቁለት ላይ ያውም። ማታ ከሥሯ ገብቼ የማላውቀውን ሁሉ ፈለግኩ። የጀሪካኖቹ ነገር በሐሳቤ መጣ። ወደ ፊት ብመልሳቸው ፍራሹ የት ይገባል? የቀረን መንገድ አጭር ነው፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። አባቷም የሚቀጥለው ቁልቁለት ደህና ነው፣ ጠጠር ፈሶበታል ብሎኛል።


ነሐሴ 4

ቅሏ ተገለበጠች።

ቁልቁለቱ ላይ። ዝናብ ነበር። ቆላች፣ ፍሬን ያዝኩ። ፍሬን መያዝ አልነበረብኝም። በጎኗ ቦይ ውስጥ ገባች።

ወላቃ ቀኝ ክንዷ ተሰብሯል። ግንባሯ ተልጧል። ሌላ ጉዳት የለባትም። ጋቢና ውስጥ ነበረች። ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጭታ ነው።

ጋቢና ውስጥ ነበረች።


ነሐሴ 5

ጤና ጣቢያ አደርን። ክንዷን ሲያቃኑት እኔ ነኝ የጮህኩት። እሷ አላለቀሰችም። ጄሶውን ያሰረላት ሰውዬ እንዲህ ዓይነት ጀግና አይቼ አላውቅም አለ። አባቷ ግራ እጇን ይዞ አጎንብሶ ተቀምጧል። እንዴት ሆነ ሲላት "ጋቢና ውስጥ ሆኜ ተመታሁ" አለችው። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

አልተኛሁም።


ነሐሴ 8

እየጠበቅኩት የነበረው ነገር በሌላ በር መጣ። ባሌ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቁልቁለቱ ደህና ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ አለ። ጠጠሩ ከሥሩ በጎርፍ ተሸርሽሮ ኖሯል፤ ከሞተሬ ወርጄ ሳልረግጠው አለፍኩት አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያለቅስ አላየሁትም፤ ብቻውን አልቅሶ መሆን አለበት።

ጀሪካኖቹን ማን ወደ ኋላ ወሰዳቸው ብሎም ጠየቀኝ። ስትገለበጥ ተንከባለው ነው አልኩት። እሱም ልክ ነው አለ። ምንም ብለው ልክ ነው ሊለኝ ነው መሰለኝ።

ቀጥሎ ያለውን እንዳለ ልጻፈው። "በኔ ጥፋት ልጅሽን አልነጥቅሽም። ውላችንን ተይው። ትቆይ" አለኝ።

የፈለግኩት ይሄን አልነበረም እንዴ? ክረምቱን ሙሉ የለመንኩት፣ ሌት ተቀን ያሰብኩት? እሺ ማለት አቃተኝ።  ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። እሱ ደስታ መሰለውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።


ነሐሴ 9

ቅሏን በሰው ብዛት ከቦዩ አወጣናት። ዛሬ ቀጠቀጥኳት። የተቀደደውን ላሜራ በሌላ ሸፈንኩ፣ ሪቬት መታሁ፣ የቀኙን ባሌስትራ ቀየርኩ። ያዘነበለ ቁም ሳጥን ትመስል ነበር፤ አሁን ቤት መስላለች። ጀሪካኖቹ ከፊት ናቸው።

ወላቃ ማታ አልገባም አለች። እግሯን ደፉ ላይ አሳረፈችና መልሳ አወረደችው። "ጋቢና ይሻላል፤ ይሞቃል" አለች። ነዳጁ አይሸትሽም ወይ አላት አባቷ። ለመድኩት አለች። ብርድ ልብሷን ተከናንባ እዚያው ተኛች። ምን ነካት ብሎ ቢጠይቀኝ እኔ እንጃ አልኩት።

ስንት እኔ እንጃ አለኝ?


ነሐሴ 11፣ ማታ

ከዚህ ደብተርስ ምን ያስደብቀኛል?

ቅሏ ስትገለበጥ በሩ ከታች ሆነ። ከጋቢናው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ወላቃን በስሟ ጠራኋት፤ በእውነተኛ ስሟ። ድምፅ የለም። መስኮቱን በክሪኩ ብረት ሰብሬ ገባሁ። ጀሪካኖቹ ፈንድተው ውስጡ ኩሬ ሆኗል፤ ቁም ሳጥኑ፣ ድስቱ፣ የዳዶው ቆርቆሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደበላልቋል። ፍራሹ ከላይዋ ወድቆ ነበር። ሳነሳው ዓይኗ ክፍት ነው። አየችኝ።

ሞተች ብዬ ነበር። በሕይወት አገኘኋት። እናት የሆነ ሰው ያን ጊዜ የት አመመሽ ይላል። እኔ መጀመሪያ ያልኳት እንዲህ ነው፦ "ጋቢና ውስጥ ነበርሽ። እሺ?"

እሺ አለችኝ። ክንዷ እንደዚያ ተንጠልጥሎ፣ እሺ አለችኝ።

በመስኮቱ አውጥቼ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳት፤ በሩን ዘጋሁ። አባቷ ሞተሩን እያስጮኸ ሲመለስ እውነትም ከዚያ ያልተነሳች ትመስል ነበር። እስከ ዛሬ አላለቀሰችም። ልጄ እንዲህ አይደለችም እኮ። ጉልበቷ ሲጫር መንደር የምታነቃ ልጅ ናት። ካለቀሰች አብሮ የሚወጣ ነገር አለ ብላ ነው ልቅሶዋን የዋጠችው።


ነሐሴ 14

ጠዋት እትዬ ደወሉ። ጩኸት ነው የጠበቅኩት፤ እሳቸው ግን አልቅሰው ነበር። ልጅቷን አገናኙኝ አሉ። አባቷ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠውና ወላቃ አጎነበሰችበት።

ጋቢና ውስጥ ነበርኩ አክስቴ፣ አለች። አጥብቄ ይዤ ነበር ግን ተመታሁ፣ አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እማ ቀስ ብላ ነበር የምትነዳው" አለች።

ይሄን የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኳትም። ከራሷ ጨመረችው። ሳትንተባተብ፣ ድምፅዋን እንደኔ ለስለስ አድርጋ። ቁጭ ብዬ ሰማኋት። ፊደል ብቻ አይደለም ያስቆጠርኳት።

ስልኩ ሳይዘጋ እትዬ አንድ ነገር ለመኑ። ሐሳባችሁ እንዳለ ሆኖ ለክንዷ ከተማ አምጧት፣ ትልቁ ሐኪም ቤት ይያት፤ እግረ መንገዳችሁንም ስሟን ብቻ እናስመዝግብ፣ ብትቀር ትቅር፣ አሉ። ባሌ አየኝ። ውሳኔውን ለኔ ሰጥቶ ጨርሷል። እንሂድ አልኩ።

ወዲያው ተነሳን፤ የዛሬውን መንገድ በሙሉ ወላቃ ከጎኔ ተቀምጣ መጣች። ሦስት ጊዜ አስመለሳት። ሦስቴም ይቅርታ አለችኝ።


ነሐሴ 19

የእትዬ ቤት። መርፌና ክር ካለበት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው የምጽፈው። ሌሎቹ በጎረቤት ክፍል ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም።

ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድን፤ አጥንቱ በደንብ ገጥሟል አሉን። ከዚያ ትምህርት ቤቱ። የርዕሰ መምህርቷ ክፍል ጠባብ ናት፤ ቀለም ቀለም ትሸታለች። አራታችን አግዳሚው ላይ ተጣበን ተቀመጥን፤ አባቷ ከበሩ በኩል፣ ከዚያ እትዬ፣ ከዚያ ወላቃ፣ ከዚያ እኔ። ሴትዮዋ ደግ ፊት አላቸው። ስምሽ ማን ነው ብለው ጠየቋት። ወላቃ ግራ እጇን አወጣች። ሴትዮዋ ሳቁና ተናገሪ አሏት። ሙሉ ስሟን፣ እስከ አያቷ፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ ተናገረች። እዚያ ቦታ እንዴት እንደተቀመጠች አየሁ፤ ጀርባዋ ቀጥ ብሏል፣ እግሮቿ ገጥመዋል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ለመቀመጥ ስትለማመድ ከርማ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስስቅ ከረምኩ።

ሴትዮዋ ብዕራቸውን አንስተው፣ እንዲያው ለወጉ ያህል፣ "ክንድሽንስ ምን ሆነሽ ነው?" አሏት።

ወላቃ ዞራ አየችኝ። ያን ቀን ጤና ጣቢያ እንዳየችኝ። አፏ ለመናገር ተዘጋጅቷል፤ የቱን እንደምትናገር ነው የምትጠይቀኝ። አንድ ራሴን ብነቀንቅላት ጋቢና ውስጥ ነበርኩ ልትል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መጀመሪያ የኔን ፊት ልታይ ነው።

"ተጎታቹ ውስጥ ነበረች" አልኩ። "ጋቢና ውስጥ አልነበረችም። ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ክረምቱን ሙሉ። ለእሷ ቦታ ብዬ ጭነቱን ወደ ኋላ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ዋሺ ያልኳትም እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ የቱን ተጎታች እንደምል አልገባቸውም፤ ብዕራቸውን እንደያዙ ቀሩ። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ባሌ አላየኝም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬቱን ትንሽ አየና ተነሳ። በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው። ምነው በጓ አድርጎ በዘጋው ብዬ ተመኘሁ።

ይመዝግቧት አልኩ ሴትዮዋን። እዚሁ ትማራለች፤ አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር። እትዬ እጄን ያዙኝ። ይለቁኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልለቀቁኝም።

ወላቃ እጅጌዬን ጎተተች።

"እማ፣ አሁን ለአባዬ መናገር ይቻላል?"

ይቻላል አልኳት።

ከአግዳሚው ዘላ ወርዳ ሮጠች። በሩ ከብዷት በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። በመስኮቱ ይታዩኛል። እሱ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከፊቱ ቆመች። መጀመሪያ ትንሽ ተናገረች፤ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ደህና እጇን ዘርግታ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አወዛወዘችው። እጇን በጎኑ ገለበጠችው። እርጥቡ መሬት ላይ ተጋድማ እንዴት ተኝታ እንደነበር አሳየችው፤ ፍራሹ እንዴት እንደወደቀባት፣ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ። እሱ ቁጢጥ አለ። ትናገራለች፣ ትናገራለች፣ መሀል ላይ አፏ ተከፈተና ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም አላቆመችም። ጄሶውን እንዳይነካ ተጠንቅቆ አቀፋት፤ በትከሻው ላይ ሆና ትናገራለች።

እትዬ ብዕሩን ተቀብለው የቀረውን አስሞሉ። ወጥቼ ከሁለቱ ጎን ልቆም ፈልጌ ነበር፤ ከአግዳሚው አልተነሳሁም። መስኮቱ ዝግ ስለነበር ምን እንደምትለው አልሰማሁም።